ግራሶ የበዛበት ክላክስ

የልጄን ባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ግራሶ ይለዋል፤ እሱም በደስታ አቤት ይላል። ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር አይወድም። የግቢያችንን በር፣ የእኔን አልጋ፣ የቤቱን መስኮት ሁሉ ግራሶ ቀብቷል። ልጄ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንዴ የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ስላቆሸሸባት ወደ ስፌት መኪናዋ ድርሽ እንዳይል ከልክላዋለች።

ሥራው በአሮጌ ሚኒባስ ልጆችን ትምህርት ቤት ማመላለስ ነው። የትኛዋን ልጅ መኪና ውስጥ እንደሚያጥወለውላት፣ የትኛው ምሳ ዕቃውን ረስቶ እንደሚወርድ ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ እየናፈቁት የሚሆነውን ያጣል።

ዓመታዊው የመኪና ምርመራ አንድ ቀን ሲቀረው ክላክሱ ዝም አለ። ክላክስ የሌለው መኪና ምርመራውን አያልፍም፤ ካላለፈ ደግሞ ወላጆቹ ልጆቹን ለሌላ ሾፌር ሊሰጡ ነው።

ጠዋት ልጆቹን አድርሶ እንደተመለሰ ግቢ ውስጥ ትግል ጀመረ። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ክላክሱን ፈትቶ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ሲያገናኘው ጎረቤቱን እስኪያስደነግጥ ጮኸ። እንግዲያው ችግሩ መሪው ውስጥ ነው ብሎ ባትሪውን ነቀለ። መሪውን ፈትቶ ሲመልሰው እንዳይጣመምበትም መሪውና ዘንጉ ላይ በሚስቱ የልብስ ጠመኔ ምልክት አደረገ። ጠመኔውን ሳያስፈቅድ ነበር የወሰደው፤ ልትቀማው መጥታ እሷም እዚያው ቀረች።

እኔም በርጩማዬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሪው ሲነሳ ከሥሩ የነሐስ ቀለበት እንዳለ፣ በስፕሪንግ የምትገፋ ትንሽ መዳብ በቀለበቱ ላይ እየተንሸራተተች ኤሌክትሪኩን እንደምታስተላልፍ አስረዳኝ። እኔ ግን ቀለበት አልታየኝም። የታየኝ አቧራ የጠጣ፣ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ነው።

ልጄ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ "ይሄን ማን ቀባው?" አለች።

ጆሮው ቀላ። ባለፈው ወር መሪው ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይል እንደነበር፣ ከፍቶ ጥግብ አድርጎ እንደቀባው፣ ኤሌክትሪኩን የዘጋውም ያ ግራሶ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረን።

"በሩን ቀባህ፣ አልጋውን ቀባህ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ" አለችው።

"አንቺንማ ግራሶም አይችልሽ" አላት።

ሳቋ አመለጣት። ገብታ ንጹህ ቁርጥራጭ ጨርቅ አመጣችለት። ቤንዚን እያስነካ ቀለበቱ እስኪያበራ ጠረገው፤ መዳቧን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፤ ተጭኖ ሲለቃት ስፕሪንጉ መልሶ እንደሚያነሳት በጣቱ ሞከረ። የጠመኔ ምልክቶቹን አገጣጥሞ መሪውን አሰረ። ባትሪውን መለሰ።

"እማማ፣ እርስዎ ይጫኑት፤ ገደኛ ነዎት" አለኝ።

ተጫንኩት፣ ጮኸ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረ ደጋግሞ አስጫነኝ፤ ጮኸ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ወላጆቻቸው አደረሷቸው፤ እሱ ወደ ምርመራው ሄደ። ምሳውን ከድነን ብንጠብቅ አልመጣም። ልጄ ብትደውልም አያነሳም። ወድቆ አፍሮ ነው ብላ ተጨነቀች፤ እኔንም አስጨነቀችኝ። ወደ ማታ ሲገባ ፊቱ ጭራሽ ፈክቷል። ምርመራውን አልፏል። ለምን እንዳልመጣ ብትጠይቀው፣ ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት እንዳያልፈው ብሎ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ እንደሄደ፣ ስልኩንም መኪናው ውስጥ እንደተወው ነገራት።

ልጆቹ የሚወጡት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። እሱ ከምሳ በፊት ጀምሮ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃቸው ውሏል።