የባለቤቴ ዓይንና የዓሣው ገንዳ መስታወት

ባለቤቴ መስታወት ገጣሚ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት፣ የሱቅ በርና የሻወር ቤት መስታወት ሲገጥም ኖሯል። ከአፉ ሚሊሜትር ስለማይጠፋ ሰፈርተኛው «ሚሊ» ብሎ ስም አወጣለት። እኔንማ ሾርባው ጨው ሲያንሰው «ሁለት ሚሊ ጨምሪበት» ይለኛል።

እኔ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ነኝ። ትልቅ መስታወት ብቻውን የሚሸከም ሰው የለም፤ እሱ በቀኝ እኔ በግራ ይዘን ስንቱን ደረጃ ወጥተናል። ጭቅጭቅ ካማረን መስታወቱ እስኪቀመጥ እንታገሣለን፤ መስታወት ይዞ የሚቆጣ ሰው ወይ መስታወቱን ወይ ጣቱን ያጣል።

ከዓመት ወዲህ ግን ዓይኑ እየከዳው መጣ። እሱ እቴ፣ መች ያምናል! መጀመሪያ አምፖሉን ወቀሰ። ቀጥሎ «የዛሬ ሜትር ቁጥሩን በጭስ ነው የሚጽፉት» አለ። ከዚያ «እስኪ አንቺ አንብቢው፣ ልፈትንሽ» ማለት አመጣ፤ እኔም ፈተናውን ሁልጊዜ አልፍ ነበር። አንድ የሱቅ መስታወት በጣት ያህል አሳጥሮ ቆርጦ፣ ግድግዳው ነው ያበጠው ብሎ ድርቅ አለ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጥሎበታል፤ የዓይን ሞራ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። እንታከም ባልኩት ቁጥር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ምክንያቱን አውቃለሁ። አባቱ አንድ ዓይናቸውን ሊታከሙ ገብተው ሁለቱንም አጥተው ነው የወጡት። እጃቸውን ይዞ እየመራ ቤት ያደረሳቸው እሱ ነው። ስለዚህ ልቆጣው እነሣና አንጀቴን ይበላኛል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ከገዛ ሚስቱ የሸሸገውንማ ምን እንደሚሉት እንጃ።

ባለፈው ክረምት መጀመሪያ ከአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ተጠራን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከሰው ቁመት የሚረዝም የዓሣ ገንዳ አለ፤ መርፌ የሚፈሩ ልጆች እሱን እያዩ ነው ፍርሃታቸውን የሚረሱት። የመድኃኒት ጋሪ ገጭቶት የፊት መስታወቱ ከታች እስከ ላይ ተሰንጥቋል። ዓሣዎቹ በሁለት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የአየር ቱቦ ተደርጎላቸው ጥግ ተቀምጠዋል።

«እባካችሁ ቶሎ አድርሱልኝ» አለችን ኃላፊዋ ሲስተር። «ከትናንት ጀምሮ ሕፃኑ ሁሉ አልቃሻ ሆኖብኛል።»

የተሰነጠቀውን አወጣን፣ አሮጌውን የማጣበቂያ ሲሊከን በምላጭ ፋቅን፣ በአልኮል ጠረግን፣ ለካን። ለካን ስል፣ እኔ አነበብኩ፣ እሱ «ልክ ነሽ» አለ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ መስታወት ተቆርጦ መጣ።

ለዓሣ ገንዳ የሚሆነው ሲሊከን ለብቻው ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ሲሊከን ሻጋታ እንዳይዘው መርዝ ይገባበታል፤ ሰውን ምንም አያደርግ፣ ዓሣን ግን ይፈጃል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ሚሊ ነው። የሁለቱም ቱቦ አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚለዩት በጽሑፉና በትንሽዬ ሥዕል ነው። ትክክለኛውን እኔው ገዝቼ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ከሌላው ቱቦ ጎን አስቀምጬለታለሁ። እሱ ጠርዞቹን ሲቀባ እኔ ኮሪደሩ ላይ አዲሱን መስታወት እወለውል ነበር።

«ነይ ቶሎ፣ ሳይደርቅብን!» አለኝ።

የጎማ መያዣዎቹን ለጥፈን መስታወቱን አነሣን። ገንዳው ጋ ልንደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረን ወለሉ ላይ የጣለውን ባዶ ቱቦ አየሁ። ሥዕሉ የገላ መታጠቢያ ነው። ባለሁበት ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ? ሂጂ እንጂ!»

«የቀባኸው የመታጠቢያ ቤቱን ነው።»

«አይደለም።»

«ቱቦው እግርህ ሥር ነው እኮ፤ ይኸው እያየሁት።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ሲሊከን ልታስተምሪኝ ነው? ተራመጂ!»

«ዓሣዎቹ ያልቃሉ።»

«ዓይኔ ምንም አልሆነም!» አለ። እኔ የዓይኑን ስም መች አነሣሁ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛ ደግሞ ሁለት ሜትር መስታወት ይዘናል። እሱ እንደ ልማዱ ጥሎኝ መውጣት አይችል፣ እኔም መራመድ አልችል። ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር እዚያው ገነፈለ።

«እሺ፣ ፊት ለፊትህ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል?» አልኩት።

ሰዓቱ ለልጆች ተብሎ የተሠራ ቢጫ ነገር ነው፤ ትሪ ያክላል። ቢበዛ ቆጣሪዎቹን ይስታል ብዬ ነው የጠየቅሁት። እሱ አንገቱን ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። 

«ሰዓት አለ እንዴ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ደቃቅ ጽሑፍ ብቻ የተሰወረበት መስሎኝ ነበር። ለካ ይህ ሰው መንገድ ስንሻገር፣ ደረጃ ስንወጣ፣ መስታወት ስንሸከም፣ ሁሉንም በእኔ እርምጃ ነው የሚሄደው። አብሬው እየበላሁ አብሬው እየተኛሁ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

«ቀስ ብለን እናስቀምጠው» አልኩት፤ አስቀመጥነው። ሲስተር ሰምታለች መሰለኝ፣ ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም። «ምላጩን ስጪኝ» አለኝ። የቀባውን በሙሉ በጣቱ እየዳሰሰ ሲፍቅ ዋለ፤ እኔ በዓይኔ ፈልጌ አንዲት ጠብታ አላገኘሁበትም። ከዚያ በትክክለኛው ሲሊከን እኔ ቀባሁ፤ እሱ ክርኔን ይዞ «አትቸኩይ፣ መሃል ላይ አታቋርጪ» ይለኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ውሃ ተሞላ፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሳፋው ውስጥ ከሞተው ከአንዱ በቀር ዓሣዎቹ ሁሉ ተመለሱ።

መስታወቱን በገጠምንበት ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዘ። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ ይዞኝ አያውቅም።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ።

የት ብዬ አልጠየቅሁትም። በነጋታው ቀጠሮ አስያዝኩ።

ዓይን ሐኪም ቤት ለቀዶ ሕክምናው የሚፈረም ወረቀት ሰጡት። ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባም ፈርመው ነበር» አለኝ።

 እኔም ፈርቼ ነበር፤ እንዲያውም ከእሱ ይልቅ።  ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አደረግሁለት። ፈረመ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሱ የአንደኛውን ዓይን ፋሻ ሲያነሣለት የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያደባለቅሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ቀስ ብሎ ገለጠው። እንባው ወረደ። መጀመሪያ ያየው መስኮቱን ነው፤ ክፈፉ ተንጋዷል ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረና ፊቴን ከግንባሬ እስከ አንገቴ ያጠናው ጀመር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ነካኝ።

«አንቺ» አለኝ፣ «መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?»