የጊፋታው በሬ እና የእትዬ አስቴር ሪሞት

ዛሬ ማንም ሳይነካው የግቢያችን በር ተከፈተና በሬያችን ወደ አስፋልቱ ወጣ!

በሬው እኮ የእኔ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶች ተሰብስበን ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ የገዛነው፣ እስከ በዓሉ እኛ ግቢ የሚቀለብ ነው። ትናንት በሪሞት የሚሠራ በር አስገጥመን፣ «ከእንግዲህ የት ይሄዳል?» ብለን ገመዱን የፈታነውም እኛው ነን።

ወደ ሻንቶ የሚሄዱ ሚኒባሶች ክላክስ ያደርጉበት ጀመር። ቢገጩትስ? ለሰፈሩ ምን እላለሁ?

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ከበራቸው ላይ ሆነው «አንቺ! በዓላችን እኮ ሄደ!» ይሉኛል።

ባለቤቴ በሣር አባብሎ እንደምንም መለሰው። እትዬ አስቴርም የራሳቸውን በር ለመዝጋት ሪሞታቸውን ሲጫኑ፣ የእኛም በር አብሮ ተዘጋ!

ለካ ትናንት በሩን የገጠመው ባለሙያ ሪሲቨሩን፣ የሪሞት ትእዛዝ ተቀባዩን፣ ከሪሞታችን ጋር ሲያላምድ፣ እሳቸውም በዚያው ቅጽበት በራቸውን እየከፈቱ ኖሯል። ሪሲቨሩ የሁለታችንንም ሪሞት ተቀብሏል።

«ታዲያ ያስወጣሁት እኔ ነኛ?» አሉ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ።

ባለሙያው ነገ መጥቶ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ያላምደዋል። እስከዚያ በሬው በገመድ ታስሯል፣ የእትዬ አስቴር ሪሞት እኔ ኪስ ገብቷል። እኔ ግን በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር አሁንም ብድግ እላለሁ።

እናንተንስ ሪሞት እንዲህ ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? እስቲ አውሩልኝ፤ ብቻዬን አልደንግጥ!