የተደፈነ አገጭ

ሰፈሩ ፎቶ አንሺውን «ጠጋኙ» ይለዋል። ስም አጥቶ አይደለም፤ ሙያው ከስሙ የቀደመ ሰው ስሙ ለመታወቂያ ብቻ ይቀራል። ፎቶ ቤቱ ጠባብ ናት። አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከኋላው ነጭ መጋረጃ፣ ግራና ቀኝ ጃንጥላ የለበሱ መብራቶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ የእጅ ላብ ያወዛው ማውስ ያለው ኮምፒውተር። እዚያ ወንበር ላይ ታሞ የተቀመጠ ሁሉ ድኖ ይነሳል። ብጉር ይከስማል፣ የወለቀ ጥርስ ይበቅላል፣ ራሰ በራ ያቆጠቁጣል። ከመስታወት ጋር የተጣሉ ሹማምንት እዚህ መጥተው ይታረቃሉ።

«ጠጋኙ፣ ቦርጬን ቀንስልኝማ» ይላል የማዶው ነገረ ፈጅ።

«በጉርድ ፎቶ ላይ ቦርጭ የት አየህ?»

«አይታይ እንጂ ፊቴ ላይ ያሳብቃል።»

እንግዲህ የሰው እንከን ሲደፍን የሚውል ሰው የራሱን ቤት እንከን ቢደፍን ምኑ ይገርማል? የእሱ ቤት ጉድለት ልጅ ነበር። ጋብቻው ሰነባብቶ ልጅ ሲዘገይ ዘመድ አዝማዱ ዓይኑን ሚስቱ ላይ ተከለ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ሙሽራ ስታለብስ «ላንቺም ይድረስሽ» እየተባለች ጥርሷን ነክሳ ከረመች። ምርመራው ግን እሷን ነጻ አውጥቶ እሱን ያዘ።

ወደ መካንነት ሕክምና ክሊኒኩ የሄዱት ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ይስቃል፤ ከሥሩ ከተቀመጡት ግን ማንም አይስቅም። ሐኪሙ ድምፁ ቅቤ ነው።

«የዘር ለጋሽ አለን። ጤነኛ ነው፣ የተማረ ነው፣ መልኩም ከእርስዎ ብዙ አይርቅም።»

«ማን ነው?»

«እሱ አይነገርም። እሱም እናንተን አያውቅም። ምስጢሩ ለሁላችሁም ይበጃል።»

«ሁላችሁም» ሲል ለጋሹን፣ ባልንና ሚስትን መቁጠሩ ነው። አራተኛዋ ገና አልተፀነሰችምና ማን ይጠይቃት? በእሷ ጉዳይ እሷ በሌለችበት ተስማምተው፣ ተጨባብጠው ተለያዩ። መሬት እንኳ ሲሸጥ አዋሳኙ ይጠራል።

ልጅቷ ተወለደች። ቤት ውስጥ «ሚጣ» አሏት። ከእግር እስከ ራሷ እንከን የላትም፤ አገጯ መሃል ግን ጣት የነካው ሊጥ የመሰለች ስርጉድ አለች። የጠጋኙ እናት ልጅቷን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየቻት።

«ይሄ አገጭ ከማን መጣ? ከኛ ወገን እንዲህ ያለ የለም፤ ከናቷ ነው።»

ማምሻውን የሚስቱ እናት መጣችና እሷም አገላብጣ አየች። «ከኛ እንኳ አይደለም፤ ከአባቷ ነው» አለች። ሁለቱ አያቶች ለጨዋነት ሲሉ አገጩን እንደ ትርፍ ጉርሻ ሲገፋፉት ጠጋኙን ላብ አጠመቀው።

በማግስቱ የልጁን የመጀመሪያ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ስርጉዷን ደፈናት። ዋናውን ማንም እንዳያገኘው የታረመውን እዚያው ላይ ደርቦ አስቀመጠ። «አንዴ ነው» አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ረሳ። አንዴው የልደቱን ፎቶ ወለደ፣ የልደቱ የመዋዕለ ሕፃናቱን፣ እንዲህ እያለ የሳሎኑ ግድግዳ በአገጨ ልሙጥ ልጅ ተሞላ። አገጨ ስርጉዷ ልጅ ደግሞ ከፎቶዎቹ ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እንግዳ ይገባል፣ ግድግዳውን ያያል፣ «ቁርጥ አባቷን» ይላል። ሰው ከሥጋ ይልቅ ወረቀት ያምናል።

አንድ ቀን ሚጣ ራሷ አገጯን ነክታ ጠየቀች። «አባዬ፣ ፎቶው ላይ ይቺ ለምን የለችም?»

«የመብራት ነገር ነው፣ የኔ ልጅ።»

መብራት አፍ የለውም፤ የሰው ኃጢአት ተሸክሞ ይኖራል።

ሚጣ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትቃረብ የግራ ዓይኗ ቆብ ይወርድ ጀመር። ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ግማሽ ይከድነዋል። መጀመሪያ እንቅልፍ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ስልክ ነው ተባለ። ሰሌዳ ለማንበብ አንገቷን ወደ ኋላ ስታንጋጥጥ መምህሯ ደወለ። ሆስፒታል ወሰዷት። የደም ምርመራው ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገረም። የዓይን ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«በቅርቡ ነው መሰለኝ» አለች እናት።

«መሰለኝ አይበቃኝም። አብሯት የተወለደ፣ በዘር የመጣ ከሆነ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ እየተከታተልን እናቆየዋለን። አዲስ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ከባድ መድኃኒት ልጀምርላት ነው። ለሷ ዕድሜ የሚመኙት መድኃኒት አይደለም።» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «በአባት ወገን እንዲህ ዓይኑ የሚከደን ሰው ነበረ?»

«የለም።»

እውነቱን ነው፤ በእሱ ወገን የለም። እውነት እንዲህ ዋጋ አጥታ አታውቅም።

«እንግዲያው የልጅነት ፎቶዎቿን አምጡልኝ። ማን ያውራ የነበረ ይባላል፤ ፎቶ ደግሞ ነበረ። አባቷ ፎቶ አንሺ ናቸው አሉ፤ ዕድለኛ ናት።»

ዕድለኛዋ ፈገግ አለች። አባቷ ጫማውን አየ።

ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ዘግቶ ሁሉንም ከፈተ። ሕፃኗ ሚጣ፣ ጥርሰ ወላቃዋ ሚጣ፣ ቦርሳ አንጋቿ ሚጣ። አገጯ ልሙጥ፣ ዓይኖቿ እኩል፣ ሁለቱም የበራ ፋኖስ። አገጩን የደፈነው እሱ ነው፤ ያንን ያውቃል። ዓይኑንስ? እጁ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ሰው ሁሉ ላይ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ዓይን ይከፍታል፣ ብርሃን ይጨምራል፣ የተኛውን ያነቃል። አስቦ አያደርገውም፣ እንደ መተንፈስ ነው። የልጁን ዓይን ከፍቶት ይሁን፣ ዓይኗ ተከፍቶ ተወልዳ ይሁን፣ ቢገርፉት አያውቅም። የሙያ ፍጹምነት ይሉሃል ይሄ ነው፤ ባለቤቱን እንኳ የሚያታልል።

ሚስቱን ጠየቃት። «ሕፃን ሆና የግራ ዓይኗ ያንስ ነበር?»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ምን አውቄ? ሳስባት የምትመጣብኝ እንደ ፎቶው ሆና ነው።»

«እንንገራት።»

«ምኑን? አባትሽ አይደለሁም ልትላት ነው? እሺ በላት። ማነው ታዲያ ስትልህ ምን ልትመልስ ነው፣ አንተ ሰውዬ? ያንዱን ስም ነጥቀህ ሌላ ሳትሰጥ ራቁቷን ልታስቀራት?»

መልስ ፍለጋ ክሊኒኩ ሄደ። ግድግዳው ላይ አዲስ ሕፃን አለ፤ ባለ ቅቤ ድምፁ ሐኪም ሸብቶ ዳይሬክተር ሆኗል።

«ስሙን አልጠየቅኩም» አለ ጠጋኙ። «የዓይኑን ነገር ብቻ ንገሩኝ። የእናቱን፣ የወንድሙን።»

«ቃል ገብተንለታል።»

«ልጅቷስ ምን ቃል ገብታ ነበር?»

ዳይሬክተሩ ውኃ ቀዳለት። አዛኝ ሰው ነው። «ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፤ ብነግርዎትም የምነግርዎት የለኝም። ያኔ ደሙን ነው የመረመርነው። የዓይን ቆብ ማን ይጠይቃል? ወጣት ነበር፤ እንዲህ ያለው አንዳንዱ ላይ ሲጎለምስ ነው ጎልቶ የሚታየው። ዛሬ የት እንዳለም አናውቅም።»

እንዲህ ሆነ ነገሩ። ያን ሁሉ ዘመን በሰባት ቁልፍ የተጠበቀው ሣጥን ሲከፈት ባዶ ነው።

ሲመለስ ሚጣ ፎቶ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። አንገቷን አንጋጣ፣ ግራ ዓይኗን በጣቷ ደግፋ፣ የራሷን ልጅነት ታያለች።

«መብራት ነው አትበለኝ» አለችው።

ቆመ።

«ለምን ደፈንከው?»

«አያትሽ ጠየቀች።»

«ምን ብላ?»

«የማን ነው ብላ።»

«የማን ነው?»

«የኔ አይደለም» አለ። «የማን እንደሆነም አላውቅም።» በሕይወቱ ሳያስተካክል ያወጣው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ እሱም ከነጎዶሎው።

«እማዬስ ማን እንደሆነ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«የሚያውቅ ማነው?»

«በለጋሽ ዘር የረዳን ክሊኒክ ዛሬ ሄጄ ነበር። የሚያውቅ የለም።»

ተነስታ ሄዳ ተሽከርካሪው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ መጋረጃው አድርጋ ቆየች፤ ትከሻዋ አልተንቀጠቀጠም፣ ቢንቀጠቀጥ ይሻለው ነበር። ከዚያ ዞረች። «አንሳኝ። እንዳለሁ።»

አነሳት። ፎቶው ስክሪኑ ላይ መጣ፤ አገጩ ስርጉድ፣ ግራ ዓይኑ ግማሽ ክድን። የጠጋኙ እጅ ማውሱን ያዘ፤ ጠቋሚው ወደ ዓይኑ ተንሸራተተ።

«አባዬ፣ እጅህ» አለች።

እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «አባዬ» ማለቷን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ከልማድ ይሁን ከልብ አልጠየቃትም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አንድ ፎቶ አየች። «የልጅነቷስ?»

«ሁሉንም አስተካክያቸዋለሁ» አለ። «አንድም የቀረ የለም።»

ሐኪሟ አጋጥሟት የማያውቅ ዓይነት በሽታ እንዳየች ሁሉ አየችው። «የአባት ወገንን ነገርስ አሰቡበት?»

አፉን ከፈተ። ሚስቱ የቦርሳዋን ዚፕ ትስባለች፣ ትመልሳለች።

«አይታወቅም» አለች ሚጣ።

ሐኪሟ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። «ካልታወቀ በከፋው ገምቼ ልጀምር ነው። ከተሳሳትኩ በከንቱ ወሰድሽው ማለት ነው። ሌላ መንገድ የለኝም።» ማዘዣውን እየጻፈች ለልጅቷ ታስረዳት ጀመር። «አጥንት ያሳሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ፊትሽም ያብጣል፤ ይሞላና ክብ ይሆናል፤ አገጭ ከጉንጭ አይለይም። መስታወት ስታዪ እንዳትደነግጪ።»

ሚጣ ጣቷን ወደ አገጯ ወስዳ ስርጉዷ ውስጥ አሳረፈች። ሐኪሟ ጽፋ እስክትጨርስ አላነሳችውም። ጠጋኙ አጠገቧ ተቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ እንዳደረገ አያት።