የእህቴ ባል ዋስ

የእህቴ ባል ከታሰረ በአራተኛው ቀን ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ሙዝ ሲገዛ አየሁት። ዓይኔን ተጠራጠርኩ። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ «እንዴት ዋልሽ እትዬ?» አለኝ።

ታናሽ እህቴ ያን ጊዜ ከሁለት ልጆቿ ጋር እኔ ቤት ነበረች። ባሏ የግራ እጇን ሰብሮባት፣ እጇ በጀሶ ታሽጓል። የሐኪም ወረቀት አስይዤ ፖሊስ ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። መፈታቱን ግን የነገረን የለም።

የማስተምርበትን ክፍል ለጓደኛዬ ትቼ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይሉን ገልጣ፣ «በዋስ ነው የወጣው» አለችኝ።

«ለተበዳይ አይነገርም እንዴ?»

«መጥታችሁ ካልጠየቃችሁ ማን ይነግራችኋል?» ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነው።

ዋሱ ማን እንደሆነ ስጠይቃት ስሙን አነበበችልኝ። የታላቅ ወንድማችን ስም ነበር።

ወንድሜን ሱቁ ሄጄ አፋጠጥኩት። አልካደም። «ሽማግሌዎች ለመኑኝ። የልጆቿ አባት አይደለም እንዴ? ታስሮ ይቅር?»

«እጇን አይተኸዋል?»

አንድም ቀን ሊጠይቃት አልመጣም ነበር።

ሱቁን አዘግቼ ቤቴ ይዤው መጣሁ። እህቴ በአንድ እጇ ሻሽ ለማሰር ትታገላለች። ስታየው መጀመሪያ ደስ አላት፤ ወዲያው ግን ከኋላው ያለውን በር እያየች፣ «ጋሼ፣ እሱም አብሮህ መጣ?» አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ወንድሜ ሳይቀመጥ ወጣ።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዋስትናውን አወረደ፤ ሰውየውም ተመልሶ ታሰረ። እህቴ ሁለት ቀን ደህና ተኛች። በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረባው ዋስ ሆነለት። በዚህ ጊዜ ግን ዳኛው ወደ ቤታችን እንዳይመጣ፣ ስልክም እንዳይደውል አዘዙ።

«ቢመጣስ?» ብዬ ጉዳዩን የያዘችውን ዐቃቤ ሕግ ጠየቅኳት።

«ደውሉልን።»

በሳምንቱ መጥቶ በሩን ደበደበ። ደወልን። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሄዷል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ሳለ ልመስክር ያለ ጎረቤት ጠፋ። ስለዚህ እህቴ ልጆቿን ይዛ ገደብ ከተማ፣ አክስታችን ዘንድ ሄደች። ጥፋተኛው እዚህ በነፃነት ይመላለሳል፤ ሥራዋን፣ ቤቷንና የልጆቿን ትምህርት ቤት ጥላ የሄደችው እሷ ናት።

ለቀጠሮ ከገደብ በአውቶቡስ ትመጣለች። ችሎቱ እስኪጠራን ሁላችንም አንድ ኮሪደር ላይ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ላይ እንጠብቃለን። ወንድሜ በእሷና በባሏ መሀል ይቀመጣል፤ ቀና አይልም። ባለፈው ጊዜም ምስክር አልተሟላም ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን።