ከቤታችን የወጣ ምሳሌ

ልጄ ሊዲያ ነገ ክፍል ውስጥ የምትናገረውን እንግሊዝኛ እየተለማመደች ነው። «ፎር ኤግዛምፕል» ስትል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሥራ ይፈታል።

ጌጃ ሰፈር አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሐሳብ ተናግሮ ያለ ምሳሌ መቀመጥን አይፈቅዱም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ረሃብ መጥፎ ነው አልኩ።

«ምሳሌሽስ?»

«ትናንት እኛ ቤት እራት አልነበረም» አልኩ፣ በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ጎበዝ ብለው አስጨበጨቡልኝ።

ማታውን አንድ ፌስታል ትኩስ ዳቦ ይዘው ቤታችን መጡ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» ብላ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸው። ሲሄዱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ገበናዬን እንድታወጪ ነው የላክሁሽ?» አለችኝ።

የዳቦው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ያኔ የገባኝ ዳቦውን መንካት እንደሌለብኝ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ በዓመቱም ትምህርቱን ተውኩት።

«እማ፣ ያልተማረ ሰው ይቸገራል ብዬ አንቺን ምሳሌ ላድርግ?» አለችኝ ሊዲያ።

«ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳት፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ።

ትንሽ አየችኝና ልምምዷን ቀጠለች፤ አሁን ግን እንዳልሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።