ሉተራኑ በረዶ ቆራጭ

አልጎት ሉተራን ነው፤ አዋቂን ውሃ ውስጥ አጥልቀን በምናጠምቀው በእኛ በስዊድን ባፕቲስቶች ሲያሾፍብን ነው የኖረው። የሚኒሶታው ሐይቃችን በረዶ ሲሆን ግን የመጠመቂያውን ቀዳዳ በመጋዝ የሚከፍትልን እሱው ነበር። "እኔ በሕፃንነቴ የፈሰሰችብኝ እፍኝ ውሃ ትበቃኛለች። እናንተ ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁት ለመንቀጥቀጥ ነው?" ይለናል።

አንድ እሑድ እየሳቀብን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ቀዳዳው ውስጥ ዘጭ አለ። ፓስተር ሊንድብላድ ዕድሉ እንዳያመልጣቸው "በአብ፣ በወልድ..." ብለው ሲጨርሱ ጎትተን አወጣነው።

ይሄ እንደ ጥምቀት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እኛ ደግሞ ድምፅ ሳንሰጥ ለጸሎት ቤታችን ምድጃ እንኳ አንገዛም። እሱ እየተንቀጠቀጠ፣ እኛ እዚያው ክርክር ገጠምን። ባፕቲስቷ ሚስቱ ገርዳ ቀድማ፣ "አይቆጠርም! ጥምቀት ለሚያምን ነው። ይሄ ሰውዬ ሲገባ የጠራው ሰይጣንን ነው" አለች። እጅ ሲወጣ አንድም ሰው አልደገፈውም።

አልጎት ጢሙ በረዶ ሠርቶ፣ "እኔን? ቀዳዳውን የቆረጥኩላችሁን እኔን ነው የምትከለክሉት?" ብሎ ጮኸ።

"ታምናለህ ወይ?" አሉት ፓስተሩ።

"ከእሷ የበለጠ አምናለሁ!" ብሎ በገዛ እግሩ ወደ ውሃው ተመልሶ ገባ።

ገርዳ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "ስንት ዘመን ስለምነው ኖርኩ! ለካ መከልከል ነበረብኝ" አለችኝ።