ዋናው ዳታቤዝ ወደ ሞጣ

አስናቀች ቢቸና ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው በሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ዐሥራ ሁለት ዓመት የሠራች የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ተቋሙ ሞጣም ቅርንጫፍ አለው። በሁለቱም ከተሞች ስምና የይለፍ ቃል እያየ ሰውን ወደ ኔትወርኩ የሚያስገባ ሰርቨር አቁማለች። የአካውንቶቹ ዳታቤዝ ግን ያለው ቢቸና ብቻ ነበር። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መስመር ሲቋረጥ የሞጣው ሰርቨር የሚጠይቀው ያጣና ሁሉንም ይመልስ ነበር።

ባለፈው ኅዳር የምዘና ቀን ላይ መስመሩ ተቋረጠ። የሞጣ ሬጅስትራር ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ደወሉ።

«አስኑ፣ ልጆቹ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። ምን ልበላቸው?»

አስናቀች ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ዳታቤዙ በሁለቱም ቦታ መኖር እንዳለበት ገባት። በመጀመሪያ ሁለቱም ጋ መጻፍ፣ ማለትም አካውንት መክፈትና መዝጋት፣ እንዲቻል አሰበች። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች አገናኝታ ሞከረችው። ኬብሉን ነቅላ፣ በአንደኛው ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ዘጋች፤ በሁለተኛው የዚያኑ ሰው አካውንት አደሰች። ኬብሉን መልሳ ስትሰካ ኋላ የተጻፈው የፊቱን ሽሮት፣ የለቀቀው ሰው በሩ ተከፍቶለት አገኘችው።

«ይሄማ አይሆንም» አለች ለራሷ።

ስለዚህ አንዱ ጋ ብቻ ይጻፋል፤ ሌላው ቅጂውን ይይዛል። ለመግባት ማንበብ ይበቃልና አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያስገባል። ግን ዋናው የት ይሁን?

«ምን ጥያቄ አለው፣ እዚሁ ነዋ!» አሉ ኃላፊዋ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ።

እሷም ልቧ እዚያው ነበር። የዓመቱን ምዝገባ ስታይ ግን ከዐሥር አዲስ አካውንት ሰባቱ የሚከፈተው ሞጣ ነው።

«ሞጣ ይሁን ጋሼ።»

«እና አንቺ ከሞጣ ፈቃድ ልትጠይቂ?»

«መስመር ሲጠፋ ከነሱ ይልቅ እኔ ብጠብቅ ይሻላል።»

እሳቸውም ወረቀቱን ፈረሙላት።

በአውቶቡስ ሞጣ ሄዳ ዋናውን ዳታቤዝ ተከለች፤ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አጠገብ ሁለት ቀን ተቀምጣ አሠራሩን አሳየቻቸው። እሳቸውም እያንዳንዱን ነገር በትልልቅ ፊደል ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

መጋቢት ላይ መስመሩ ለሁለት ቀን ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን ይታያል የሚባል አዲስ መምህር ቢቸና መጣ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በስልክ ተነግሯቸው ወዲያው መዘገቡት፤ ስሙ ግን መስመሩ እስኪመለስ ቢቸና አይደርስም።

«ድሮ እኮ በደቂቃ ነበር አሉ» አለ ይታያል ቅር ብሎት።

«ነበር» አለችው አስናቀች። ትንሽ ቆጫት። በመስኮት ስታይ ግን ሠልጣኞቹ ሁሉ እንደ ወትሮው ገብተው ይሠራሉ። ሞጣም እንዲሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት መስመሩ ሲመለስ ይታያል ስሙን ጻፈና ገባ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በበሩ ብቅ አሉ።

«ምን ሆናችሁ ነው ስልክ ስትደዋወሉ የነበረው?»

«መስመር ጠፍቶ ነበር።»

«መቼ?» አሉ፣ እውነትም ሳያውቁ።